የመጀመሪያው አሠሪ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነው፤ የጭነት መኪና ነጂ ለመሆን ለሚያስቡ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው

ወላጅ ልጁን አሳድጎ ለአቅመ አዳም ካደረሰ በኋላ የሚያሳስበው ነገር ልጁ በምን ሥራ ይተዳደር የሚለው ነው። በቀደመው ዘመን ይህ አሳብ ብዙ አያስጨንቅም ነበር፤ የገበሬ ልጅ የአባቱን ሞፈርና ቀንበር፣ የነጋዴ ልጅ የአባቱን ሚዛን፣ የሸማኔ ልጅ የአባቱን መወርወሪያ ተቀብሎ ይኖር ነበርና። ዛሬ ግን የሥራው ዓይነት ስለ በዛ ልጁ አባቱ የማያውቀውን ሥራ ይመርጣል፤ አባትና እናትም ስላላዩት ነገር ምከሩ ይባላሉ። ወላጆች ሳያውቁት ምክር ከሚጠየቁባቸው ሥራዎች አንዱ የጭነት መኪና ነጂነት ስለ ሆነ፣ በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ሥራ ጥቂት ለመናገር አሰብን።

ይህንንም ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት የሚከተለው ነው። ካቻምና በክረምት አንዲት ጎረቤታችን በማታ ወደ ቤታችን መጡ። እኒህ እናት ባላቸው ከሞቱባቸው ወዲህ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ልጃቸውን እስከ 12ኛ ክፍል ያስተማሩ ብርቱ ሴት ናቸው። ቡና ከቀረበ በኋላ እንዲህ አሉን፤

«ወንድሜ፣ አንተ በፍርድ ቤት ስትጽፍ የምትውል ሰው ነህና የስንቱን ሰው ጉዳይ ታያለህ። ልጄ የካሚዮን ነጂ ካልሆንሁ ብሎ ሌሊት በሕልሙ እንኳ መሪ ይዞ ነው የሚያድረው። ሁለት ሰዎችም እንቅጠርህ ብለውታል። አንደኛው ባለ ሁለት መኪና ነው፤ ‹ፈቃድህን ብቻ አውጣ፤ በማግሥቱ ተሳቢውን አስረክብሃለሁ› ይለዋል። ሁለተኛው አንድ የጭነት ማኅበር ነው፤ ‹ፈቃድ ካወጣህ በኋላ መጀመሪያ በትንሽ መኪና ከተማ ውስጥ ትሠራለህ፤ ከዚያም ከቆየ ነጂ አጠገብ ተቀምጠህ ትመላለሳለህ› ይለዋል። የፊተኛው የሚሰጠው ገንዘብ የኋለኛውን ሁለት እጥፍ ነው። እኔ ቤቴ ጠቦኛል፤ ገንዘቡን ሳስበው ልቤ ወደ ፊተኛው ይሄዳል። ነገር ግን ፈራሁ። አንተ ምን ትለኛለህ?»

እኛም፣ «እትዬ፣ እንዲህ ላለ ነገር በአንድ ስኒ ቡና መልስ አይሰጥም፤ አንድ ሳምንት ይስጡን» ብለን አሰናበትናቸው። በሳምንቱም ውስጥ ጠጉራቸው በመንገድ ላይ የሸበተ አንድ ነጂ ፈልገን አነጋገርን፤ በፍርድ ቤት ስንኖር ያየነውንና የሰማነውንም አንድ በአንድ አስታወስን። ከዚህ በታች የምንጽፈው ያን ጊዜ ለእሳቸው የሰጠነው መልስ ነው።

አስቀድሞ ይህ ሥራ የሚናቅ ሥራ አለመሆኑን መናገር ያስፈልጋል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራስዋ የባሕር በር የላትም፤ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባውና ወደ ውጭ የሚወጣው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። የቀድሞው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንደ ደረሰ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደውም በ2009 ዓ.ም. እንደ ተመረቀ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። የሆነ ሆኖ የዕቃውን የሚበዛውን ክፍል ዛሬም የሚያነሣው የጭነት መኪና ነው። ገበሬው በእርሻው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ፣ እናቶች በየጓዳቸው የሚያኖሩት ዘይት፣ ለሐኪም ቤት የሚሄደው መድኃኒት፣ ለመኪናውም ራሱ የሚቀዳው ናፍጣ በነጂ እጅ ሳያልፍ ወደ እኛ አይደርስም። መንገዱም በጋላፊ በኩል ሲሄዱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዳማ በኋላ በመተሐራ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ አልፎ ከደጋው አየር ወደ አፋር ሐሩር ይወርዳል። በዚህ መንገድ ላይ ተሳቢ ያለው አንድ መኪና 400 ኩንታል ያህል ተሸክሞ ይሄዳል። ይህን ያህል ሀብት የሚታመንበት ሰው የተከበረ ሰው መሆን አለበት።

ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን የምንላቸው ስሞች ሁሉ ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ ናቸው። ስሙን መዋስ ቀላል ነው፤ ዕውቀቱ ግን በውሰት አይገኝም። ዕውቀቱን ካልያዙ በዚህ ሥራ ላይ የሚመጣው መከራ ምን እንደ ሆነ በፍርድ ቤት ካየነው አንዱን እንናገር።

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ዕድሜው ከ23 ዓመት የማይበልጥ አንድ ወጣት በፖሊስ ታጅቦ ቀረበ። በቁልቁለት ላይ መኪናው አልቆም ብሎት ሰው ሞቶበታል። ስለ ነገሩ ሲጠየቅ፣ «ፍሬኑ ደኅና እንዳልሆነ ለባለ መኪናው ነግሬ ነበር፤ ‹ይህን ጭነት አድርስና ይሠራል› አለኝ» ሲል መለሰ። ዳኛውም፣ «ደኅና አለመሆኑን ካወቅህ ስለ ምን ተነሣህ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ወደ መሬት ተመለከተ። በችሎቱ የነበርነው ሁሉ መልሱን እናውቀው ነበር፤ አልነሣም ቢል ሥራውን ሊያጣ ነው፤ ሥራውም የመጀመሪያው ነበር። ዳሩ ግን ይህ መልስ ከእስራት የሚያድን መልስ አይደለም። እኛም ብዕራችንን ይዘን «ተከሳሹ ዝም አለ» ብለን ጻፍን። ከብዙ ሺሕ ቃላት መካከል ይህች ቃል ከአሳባችን አልጠፋ አለች።

ሕጉ ስለዚህ ነገር የሚለው እንደሚከተለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ካሣ ከፋይ ያደርገዋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ማንኛውም መኪና በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን እንዲኖረው ታዟል። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በቁጥር 543 የሌላውን ሰው ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራትና በመቀጮ ይቀጣዋል። የሞቱት ሰዎች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቢሆኑ፣ ወይም ነጂው ግልጽ የሆነውን ደንብ እያወቀ ቢጥስ፣ ወይም በመጠጥና በሚያደነዝዝ ነገር ራሱን ቢስት፣ ቅጣቱ ከ5 ዓመት እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። እንግዲህ ወላጆች ይህን ልብ ይበሉ። ካሣውን ባለ መኪናውና መድን ሰጪው ሊከፍሉት ይችላሉ፤ እስራቱን ግን ስለ ነጂው የሚታሰርለት የለም። ስለዚህ የሥራውን ዋጋ በደመወዝ ብቻ የሚመዝን ሰው ሚዛኑ ጎዶሎ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንመለስ። ወደዚህ ሥራ የሚያስገቡ መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ጥንታዊው መንገድ ረዳትነት ነው። ወጣቱ ከአንድ ነጂ ጋር ይጓዛል፤ ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ይወጥራል፣ ገመድ ያስራል፣ ጭነት ይቆጣጠራል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው መንገዱን እንደ መዳፉ ያውቃል፤ ጭነት ሲያዘነብል፣ ጎማ ሲግል፣ ሞተር ሲታመም በድምፁ ይለያል። ጉድለቱ ግን ትምህርቱ ሥርዓት የሌለው መሆኑ ነው። የጌታው ጥሩ ጠባይም ክፉ ጠባይም አብሮ ይወረሳል። ይልቁንም ነጂው እንቅልፍ ሲያሸንፈው ረዳቱን «ጥቂት ያዝልኝ» የሚልበት ጊዜ አለ። ፈቃድ የሌለው ልጅ በዚያች ጥቂት ሰዓት አደጋ ቢያደርስ የሚከላከልበት አንዳች ነገር የለውም። ረዳት የሆነ ልጅ ያላችሁ ወላጆች አስቀድማችሁ የምታስጠነቅቁት ይህን ነው።

ሁለተኛው መንገድ የነጂዎች ማሠልጠኛ ነው። በዚያ የመንገድ ምልክትና ደንብ፣ የሞተር አሠራር፣ የነጂ ጠባይ በሥርዓት ይሰጣል፤ ያለዚህም ፈቃድ አይገኝም። ቀድሞ ፈቃዱ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ በደረጃ ይቆጠር ስለ ነበር እስከ ዛሬ ድረስ «አምስተኛ መንጃ ፈቃድ» ሲባል እንሰማለን። አዋጅ ቁጥር 600/2000 ከወጣ ወዲህ ግን ፈቃዱ በመኪናው ዓይነት ሆነ፤ ለደረቅ ጭነትና ለፈሳሽ ጭነትም የየራሱ ምድብ አለው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 የቀደመውን አዋጅ ተክቶታል። የማሠልጠኛው ጉድለት ልምምዱ በጥቂት ሰዓት፣ በባዶ መኪና፣ በሜዳ ላይ ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሄዶ ማየት ይገባል። ልምምዱ የሚደረገው ወጣቱ ፈቃድ በሚያወጣበት ዓይነት መኪና ነውን? መሪውን ራሱ ይዞ የሚነዳው ስንት ሰዓት ነው? በዳገት ላይ አቁሞ መነሣትን፣ ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መመለስን ያስተምሩታልን? እነዚህን ጠይቆ፣ ከዚያ የተማሩትንም ሰዎች አነጋግሮ መወሰን ነው። «ሳትደክም ፈቃዱን እናወጣልሃለን» የሚል ሰው ቢመጣ ግን ከእርሱ መሸሽ ይሻላል፤ የሚሸጠው ፈቃድ ሳይሆን የእስር ቤት በር ነውና።

ሦስተኛው መንገድ ከትንሽ ወደ ትልቅ መውጣት ነው። ወጣቱ ፈቃዱን ካገኘ በኋላ እንደ አይሱዙ ባለ መካከለኛ መኪና በከተማና በአቅራቢያ መንገድ እየሠራ እጁን ያፍታታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ከባዱ ያልፋል።

እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ስንማር፣ የኔታ ፊደሉን ሳንለይ ወደ ንባብ፣ ንባቡንም ሳንጨርስ ወደ ዳዊት አያሻግሩንም ነበር። ያን ጊዜ እንደ ጭካኔ ቆጠርነው፤ ኋላ ግን ዳዊትን በእጁ ይዞ ማንበብ የማይችል ልጅ ምን እንደሚመስል ስናይ ጥበቡ ገባን። ፈቃድ በእጁ ይዞ 400 ኩንታል ማስቆም የማይችል ወጣትም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ የዳዊቱ ስሕተት በአለንጋ የሚታረም መሆኑ ነው። ስለዚህ በእኛ አሳብ ሦስቱን መንገዶች ለያይቶ አንዱን ከመምረጥ ይልቅ በተራ ማያያዝ ይሻላል፤ መጀመሪያ ማሠልጠኛ፣ ቀጥሎ ትንሽ መኪና፣ በመጨረሻም ከባዱን መኪና ከቆየ ነጂ አጠገብ ተቀምጦ መማር።

ከቆየ ነጂ አጠገብ መቀመጥ ለምን እንደሚያስፈልግ ያነጋገርናቸው ሽማግሌ በአጭር ቃል አስረዱን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ነው፤ የጣርማ በርና የጊቤም ቁልቁለት በነጂዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ሽማግሌው እንዲህ አሉን፤ «ጀማሪ ልጅ ቁልቁለት ሲያገኝ እግሩን ፍሬን ላይ ይጭንና እንደ ጫነ ይወርዳል። ፍሬኑ ይግላል፤ ሲግል መያዙን ይተዋል። ሽታው ከመጣህ በኋላ ጊዜ የለህም። እኔ ልጆቹን የማስተምራቸው አንድ ነገር ነው፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ፍሬን የተሰጠህ ለማቆም ነው፤ ለመውረድ የተሰጠህ ማርሽ ነው። ማርሹም የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከጀመረ በኋላ አልገባ ይልሃል።» ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ነጂ ሲያጋጥማቸው እጅግ እንደሚያዝኑም ነገሩን፤ የሚቆጥበው ናፍጣ ጥቂት ሲሆን የሚያጣው ግን የሞተሩን ማገጃ ሁሉ ነውና። ይህን ነገር መጽሐፍም ይናገረዋል። የመኪና ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር፣ ይኸውም ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ፣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኀይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ነገር ግን ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ወጣት እግሩ እንዲታዘዝለት አጠገቡ ተቀምጦ «አሁን ማርሽ ቀንስ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው አሠሪ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነው ያልነውም ስለዚህ ነው። ወጣት ነጂ በመጀመሪያው ዓመት የለመደውን ነገር በዕድሜው ሙሉ አይተወውም። እንግዲህ ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት አሠሪውን ሊጠይቀው የሚገባውን በቁጥር እናስቀምጣለን።

አንደኛ፣ ከማን ጋር እጓዛለሁ? በመጀመሪያዎቹ ወራት አጠገቡ የሚቀመጥ የቆየ ነጂ ካለ ትምህርቱ ቀጠለ ማለት ነው። ከሌለ ብቻውን ሊማር ነው፤ ብቻውን የሚማረውም በሰው ሕይወት ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ መኪናው ደኅና አይደለም፣ ወይም መንገዱ አያስኬድም ብል ምን ይደረጋል? በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ መንገዶች ላይ ነጂዎች መታገታቸውና ሕይወታቸውን ማጣታቸው ሁሉን ያሳዘነ ነገር ነው። ስለዚህ መኪናው ይነሣ አይነሣ የሚለውን ማን እንደሚወስን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ደኅና አሠሪ ፍሬኑን የሚያይ ሠራተኛና የመኪናው የጥገና መዝገብ አለው፤ የነጂውንም ቃል ይሰማል። «ወንድ ልጅ አይፈራም» ብሎ የሚመልስ ቢሆን መልሱ ተገኝቷል።

ሦስተኛ፣ ገንዘቡ የሚከፈለው በወር ነው ወይስ በምልልስ? የምልልስ ክፍያ ዐይንን ይስባል፤ ነገር ግን ብዙ በሄደ ቁጥር ብዙ የሚያገኝ ሰው እንቅልፉን ይሸጣል። እንቅልፉን ለማባረር ጫት፣ ጫቱን ለማብረድ መጠጥ ይከተላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ስለዚህ ወጣቱ ከምልልሱ ጋር የታወቀ የወር ደመወዝና የመንገድ አበል፣ የዕረፍትም ጊዜ እንዳለው ይጠይቅ።

አራተኛ፣ ውሉ በጽሑፍ ነውን? በጽሑፍ ባይሆን እንኳ አሠሪው ውሉ በተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ይኸው አዋጅ ያዝዛል። የሙከራውም ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ገና አዲስ ነህ» እየተባለ ዓመት ሙሉ በሙከራ የሚቆይ ሰው ሕጉን ስላላወቀ የተጎዳ ነው። ለጠፋ ጎማና ለተሰበረ መስታወት ተብሎ የወር ደመወዙ ጠቅላላ እንዲያዝበት ሕግ አይፈቅድም፤ በሚገባ ምክንያት የሚቆረጠውም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም።

አምስተኛ፣ የምጭነው ምንድን ነው? የጭነቱ ክብደትና ወረቀቱ የሚገጥም መሆኑን፣ የጉምሩኩም ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን ነጂው በዐይኑ ይይ። በጋቢናው ጥግ «ይህን ብቻ አድርስልኝ» ተብሎ የሚቀመጥ ትንሽ ዕቃ ኮንትሮባንድ ሆኖ ሲገኝ የሚያዘው ነጂው ነው። በጭነት ላይ ሰው ማሳፈርም እንደዚሁ ነው፤ የሚገኘው ሳንቲም ነው፤ መኪናው ቢገለበጥ ግን የሙታኑ ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት፣ ቅጣቱም ከቀላል እስራት ወደ ጽኑ እስራት ያልፋል።

ስድስተኛ፣ ጡረታ ይከፈልልኛልን? በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት በግል ድርጅት የተቀጠረ ሠራተኛ ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪውም ከመቶ 11 ለጡረታ ይከፍላሉ። ለ23 ዓመት ወጣት ጡረታ የሩቅ ነገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን ጡረታውን በሥርዓት የሚከፍል አሠሪ መኪናውንም በሥርዓት የሚያሠራ መሆኑ አይቀርም።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ለቤተ ሰብ እንጨምራለን። የመጀመሪያው ስለ ዋስትና ነው። ነጂ ሲቀጠር ዋስ አምጣ መባሉ የተለመደ ስለ ሆነ፣ አጎት ወይም ጎረቤት በዘመድ ፍቅር ሳያነብ ይፈርማል። የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ይናገራል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ልኩ እንዲጻፍ መጠየቅ፣ ልኩም ቤትን የሚያሸጥ እንዳይሆን መመልከት ይገባል። ይህን መጠየቅ ዘመድን መጠርጠር አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ጊዜ ነው። በደል የደረሰበት ነጂ «ነገ እከፍልሃለሁ» በሚል ተስፋ ዓመት ጠብቆ ወደ ፍርድ ቤት ሲመጣ አይተናል። እውነቱ ከእርሱ ጋር ነበር፤ ጊዜው ግን ከእርሱ ጋር አልነበረም። ያለ አግባብ ከሥራ ተባርሬአለሁና ልመለስ የሚል በ3 ወር ውስጥ፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይሰጠኝ የሚልም በ6 ወር ውስጥ ካልከሰሰ ክሱ በይርጋ ይታገዳል። በሽምግልና ማለቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሲቀመጥ ቀኑን እየቆጠሩ ይሁን።

ከሳምንት በኋላ ይህን ሁሉ ለጎረቤታችን በተናገርን ጊዜ እናትዮዋ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «የምትለው ሁሉ እውነት ነው፤ ታዲያ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል?» አሉን። ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። በጥበብ የሚመረጠው መንገድ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት የሚያስርብ መንገድ ነው። ድኻ ቤተ ሰብ ልጁን ወደ ፈጣኑ ገንዘብ የሚሰደው ሕግ ባለማወቅ ብቻ አይደለምና በዚህ ነገር ፈራጆች እንዳንሆን እንፈራለን። ልጁ ግን ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይሰማ ኖሮ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ችሎት ላይ ዝም ያለው ልጅ ስንት ዓመት ተፈረደበት?» ብሎ ጠየቀን። ነገርነው። ከዚያም ወደ እናቱ ዘወር ብሎ፣ «እማዬ፣ ማኅበሩ ይሁን። ጧት ጧት እንጀራውን እኔ አደርሳለሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ እገባለሁ» አለ።

እንዳለውም አደረገ። አንድ ዓመት ያህል በትንሽ መኪና ከተማ ለከተማ ሲሠራ፣ ጎሕ ሲቀድ እንጀራ ተሸክሞ ሲያልፍ እናየው ነበር። እናትዮዋም ከሁለቱ ክፍል አንዱን ለቀው በአንዱ ኖሩ። ባለፈው ጥር ወር ከአንድ የቆዩ ነጂ ጋር የጅማን ቡና ለማምጣት በከባዱ መኪና እንዲመላለስ ተፈቀደለት። በአንድ ማታ እናቱ ስልካቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ወደ እኛ መጡ፤ ፊታቸውም ብሩህ ነበር። ልጁ ከመንገድ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ዛሬ የጊቤን ቁልቁለት መሪውን ለእኔ ሰጡኝ፤ በሦስተኛ ማርሽ ነው ያወረድሁት» ብሏቸዋል።

«ወንድሜ፣ እርሱ ደስ ብሎት ሲናገር እኔም ደስ አለኝ፤ ግን ሦስተኛ ማርሽ ማለት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

«እትዬ፣ ቀስ ብሎ ማለት ነው» አልናቸው።